ምዕራፍ ሰባት፦ ሁከትን ስለ መግራት

በ1883 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (በዚህ ምዕራፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው) በእንግሊዝ አገር፥ በማንቸስተር ከተማ፥ በኦዌንስ ኮሌጅ የምህንድስና መምህር የነበረው ኦዝቦርን ሬይኖልድስ፥ ጎኖቹ መስተዋት የሆኑ ስድስት ጫማ ያህል የሚረዝም ገንዳ በውሃ አስሞልቶ፥ በገንዳው ውስጥ አፉ የሰፋ የመስተዋት ቱቦ አጋድሞ፥ በውሃው ውስጥ ያለው መናወጽ ሁሉ ፈጽሞ እስኪበርድ ድረስ ብዙ ሰዓት ከታገሠ በኋላ፥ መክፈቻውን በረጅም ዘንግ ቀስ አድርጎ ከፍቶ ከቱቦው አፍ ላይ ቀጭን የቀለም መስመር ለቀቀ። ውሃው በዝግታ ሲጓዝ ቀለሙ ከቱቦው ጫፍ እስከ ጫፍ ሳይነቃነቅና ሳይደበዝዝ ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር። ሬይኖልድስ ፍጥነቱን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረ ከአንድ ልክ ላይ ሲያደርሰው ግን፥ መስመሩ ከቱቦው አፍ ራቅ ካለ ቦታ ላይ በድንገት ተናወጠ፥ ከዙሪያው ውሃ ጋራ ተቀላቀለ፥ የቀረውንም የቱቦ ርዝመት በቀለም ሞላው። ዓይን እንዲሁ ሲያየው አንድ ወጥ ድብልቅ የሚመስለውን ይህን ውሃ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ቢያበራው ደግሞ፥ በዚያች ቅጽበት ድብልቁ ተገለጠና እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ጥቅልል አዙሪቶች ሆኖ ታየው።

ውሃው አንድ፥ ቱቦው አንድ፥ የሚገዛውም ሕገ ተፈጥሮ አንድ ሲሆን ጠባዩ ግን ሁለት ሆነ፤ የመጀመሪያውን ሥርዓታዊ ፍሰት፥ ሁለተኛውን ሁከታዊ ፍሰት እንለዋለን። ይህን ልዩነት ለማየት የሚሻ ሰው የማንቸስተርን ገንዳ መናፈቅ አያስፈልገውም፤ አየሩ በረጋ ቤተ መቅደስ ውስጥ ከጽናው የሚወጣውን የዕጣን ጢስ ቢመለከት፥ ጢሱ መጀመሪያ ጥቂት ቀጥ ብሎ ሲያርግ፥ ከዚያም ሳይታሰብ ሲሰበርና ሲጠቀለል፥ ወዲያውም በአየሩ ሲበተን ያየዋል። በወንዝ፥ በደመና፥ በአውሮፕላን ክንፍ ጀርባ፥ በከተማ የውሃ ቧንቧ ውስጥ የሚገኘው ፍሰት አብዛኛው ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ሥርዓታዊው ፍሰት በዕለታዊ ኑሯችን ውስጥ እንግዳ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ሬይኖልድስ ያየውን በማየት ብቻ አልተወሰነም። የፈሳሹን ፍጥነት በቱቦው ዲያሜትርና በእፍግታው አባዝቶ በዝልግልግነቱ ሲያካፍለው፥ ሜትርም ሰከንድም ኪሎም የማይባል፥ መለኪያ የሌለው አንድ ቁጥር አገኘ፤ ይህንንም ቁጥር የጀርመኑ ሊቅ አርኖልድ ዞመርፌልድ በ1908 በሬይኖልድስ ስም ጠራው። በዚህ ክፍፍል ከላይ ያለው የፈሳሹ በጀመረው መንገድ የመገስገስ ጠባይ ነው፤ ከታች ያለው ደግሞ ፈሳሹ እርስ በርሱ እየተፋተገ እንቅስቃሴን የሚያበርድበት ኃይል ነው። በቱቦ ውስጥ ይህ ቁጥር ከ2,000 ገደማ በታች ከሆነ ሁከት ቢነሣ እንኳ ይሞታል። ዲያሜትሩ 2.5 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ ይህ ማለት ውሃው በሰከንድ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲጓዝ ነው፤ ከዚህ ልክ በላይ ሲሆን ነገሩ ያጠራጥራል። ሬይኖልድስ ራሱ ገንዳውን በጥንቃቄ አርግቶ፥ የቱቦውንም አፍ አለስልሶ ሥርዓታዊውን ፍሰት እስከ 13,000 ገደማ ድረስ አቆይቶታል፤ በኋላ ዘመን የተነሡ ተመራማሪዎችም የበለጠ ተጠንቅቀው እስከ 100,000 አድርሰውታል። ስለዚህ በቱቦ ውስጥ ያለ ሥርዓታዊ ፍሰት እንዲሁ በራሱ የሚፈርስበት ልክ አልተገኘለትም፤ የሚያፈርሰው ከውጭ የሚመጣ መናወጽ ነው፤ ፍጥነቱ እየጨመረ በሄደ መጠን ለማፍረስ የሚበቃው መናወጽ እያነሰ ይሄዳል። ታዲያ ሁከት በራሱ ጸንቶ መኖር የሚጀምረው በስንት ላይ ነው? ይህ ጥያቄ ከ1883 ጀምሮ መልስ ሳያገኝ 128 ዓመት ቆየ።

የነገሩ ምሥጢር ያለው በቀመሩ ውስጥ ነው። ፈረንሳዊው ናቪዬ በ1822፥ በእንግሊዝ አገርም ስቶክስ በ1845 ያጸኑት የፈሳሽ እንቅስቃሴ ቀመር ከኒውተን ሕግ የወጣ ነው፤ በውስጡ ዕድል የሚባል ነገር የለበትም። መስመራዊ በሚባል ሥርዓት ውስጥ መንሥኤው እጥፍ ሲሆን ውጤቱም እጥፍ ይሆናል፥ ሁለት መንሥኤዎችም ሲደመሩ ውጤቶቻቸው እንዲሁ ይደመራሉ፤ ስለዚህ ሊቁ ነገሩን ከፋፍሎ፥ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ፈትቶ፥ መልሱን መልሶ ይገጣጥማል። ፈሳሽ ግን እንዲህ ለመከፈል እሺ አይልም። የውሃው ፍጥነት የሚያጓጉዘው የቀለሙን ቅንጣት ብቻ ሳይሆን ራሱን ፍጥነቱን ጭምር ስለሆነ፥ በቀመሩ ውስጥ ፍጥነት በፍጥነት ተባዝቶ ይገኛል፤ ከዚህም የተነሣ ታላቁ አዙሪት ታናሹን ይወልዳል፥ ታናሹም ከእርሱ የሚያንሰውን፥ የዝልግልግነት ኃይል የመጨረሻውን ደቂቅ ወደ ሙቀት ለውጦ እስኪያጠፋው ድረስ። ከዚህ ቀመር የሚወጣው መልስ ለዘለዓለም ለስላሳ ሆኖ መኖሩን ወይም በአንድ ጊዜ ሊፈርስ መቻሉን በሒሳብ ላረጋገጠ ሰው ክሌይ የተባለው የሒሳብ ተቋም በ2000 አንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት መድቧል፤ ሽልማቱን የወሰደ ግን እስካሁን የለም።

መሐንዲስ ግን የሒሳቡ ሊቅ እስኪጨርስ ድረስ ድልድዩን ሳይሠራ፥ መርከቡን ሳያንሳፍፍ ሊቀመጥ አይችልም። ስለሆነም ሬይኖልድስ በ1895 ሌላ መንገድ ከፈተ፤ ይኸውም የእያንዳንዱን አዙሪት ታሪክ ትቶ፥ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያለውን ፍጥነት አማካይና መዋዠቅ ብሎ በሁለት መክፈልና ለአማካዩ ብቻ ቀመር መጻፍ ነው። የመዋዠቁ አማካይ ዜሮ ስለሆነ ሁሉም ነገር የቀለለ ይመስላል። ነገር ግን ሁለት መዋዠቆች ሲባዙ አማካያቸው ዜሮ አይሆንም። ለምን እንደማይሆን በቱቦው ግድግዳ አጠገብ ቀረብ ብለን እንመልከት፦ ከግድግዳው ተነሥቶ ወደ መካከል የሚሄድ ጥቂት ውሃ ከዝግተኛው ሠፈር የመጣ ስለሆነ በደረሰበት ቦታ ካሉት ይዘገያል፤ ከመካከል ተነሥቶ ወደ ግድግዳው የሚወርደው ደግሞ ከፈጣኑ ሠፈር የመጣ ስለሆነ ይፈጥናል። አንደኛው ሲወጣ ዝግታን ይዞ፥ ሁለተኛው ሲወርድ ፍጥነትን ይዞ ይሄዳል፤ ሁለቱም ሥራቸው አንድ ነው፥ የመካከሉን ግስጋሴ እያመጡ ለግድግዳው ያስረክባሉ፤ ግድግዳውም የተረከበው ይህ ግስጋሴ ነው ለፓምፑ ከባድ ሰበቃ ሆኖ የሚሰማው። በነዳጅና በውሃ ማስተላለፊያዎች ውስጥ ለፓምፕ የሚወጣው ገንዘብ ከፍተኛ ክፍል የሚጠፋው በዚህ ርክክብ ነው።

እንግዲህ አማካዩን ለማወቅ የብዜቶቹን አማካይ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እነዚህም ስድስት አዳዲስ ያልታወቁ ነገሮች ናቸው። ለስድስቱ ቀመር ቢጻፍላቸው በቀመሩ ውስጥ ሦስት ሦስት መዋዠቆች የተባዙባቸው ዐሥር ሌሎች ያልታወቁ ነገሮች ብቅ ይላሉ፤ ለእነዚያም ቢጻፍ ከዚያ የበለጡ ይመጣሉ፤ ዕዳው በተከፈለ ቁጥር ያድጋል እንጂ አያልቅም። ስለዚህ ሰው በአንድ ቦታ ላይ ቆርጦ፥ የማያውቀውን በሚያውቀው ነገር መስሎ መጻፍ ግድ ይሆንበታል፤ የሁከት አምሳያ የሚባለው ይህ ነው። ፈረንሳዊው ቡሲኔስክ በ1877 አዙሪቶች የፈሳሹን ዝልግልግነት እንደሚጨምሩ አድርጎ መሰለ፤ ሉድቪግ ፕራንትል በጌቲንገን በ1925 አንድ የፈሳሽ ክፍል ጠባዩን ሳይለውጥ የሚጓዝበትን ርቀት አሰበ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ላውንደርና ስፖልዲንግ የሁከቱን ኃይልና ይህ ኃይል ወደ ሙቀት የሚለወጥበትን ፍጥነት በሁለት ተጨማሪ ቀመሮች የሚከታተለውን አምሳያ ይዘው ወጡ፤ ይህም በመሐንዲሶች ዘንድ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በዚህ አምሳያ ውስጥ 0.09 የሚባል ቋሚ ቁጥር አለ፤ ከፈተና የተወሰደ ነው እንጂ ከናቪዬና ከስቶክስ ቀመር ተሰልቶ የወጣ አይደለም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት እንዲህ ያለው ሥራ ሊናቅ አይገባውም፤ ስንት ተርባይንና ስንት መርከብ በእርሱ ተሠርቷል። ነገር ግን በቀጥተኛ ቱቦ የተለካ ቁጥር ፍሰቱ ከግድግዳው በሚለይበት ወይም በኃይል በሚሽከረከርበት ቦታ ሲሳሳት መገረም አይገባም፤ አምሳያው የሚያውቀው የተማረበትን አገር ነውና።

ታዲያ ምንም ሳንመስል ሁሉንም አዙሪት ለምን አናሰላም? መልሱን በ1941 የሰጠው ሩሲያዊው አንድሬይ ኮልሞጎሮቭ ነው። ኃይሉ ከታላላቁ ወደ ታናናሹ አዙሪት ሲተላለፍ፥ የመጨረሻው ደቂቅ አዙሪት ምን ያህል እንደሚያንስ በአጫጭር ጽሑፎች አሳየ፤ ከእርሱም ትምህርት የሚወጣው የስሌት ዋጋ አስፈሪ ነው፥ የሬይኖልድስ ቁጥር ዐሥር እጥፍ ባደገ ቁጥር የሚያስፈልጉት የስሌት ነጥቦች 178 እጥፍ ያህል ያድጋሉ። ኪም፥ ሞይንና ሞዘር በ1987 በሁለት ግድግዳዎች መካከል ያለውን ሁከታዊ ፍሰት ያለ አንዳች አምሳያ ማስላት ችለዋል፤ ፍጥነቱ ግን ዝቅተኛ ነበር። የሬይኖልድስ ቁጥሩ በዐሥር ሚሊዮኖች ለሚቆጠር አውሮፕላን እንዲህ ማድረግ ከዛሬዎቹ ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ዐቅም በላይ ነው።

ስሌቱ ቢቻል እንኳ ሌላ እንቅፋት አለ። ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1961 በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የአየር ጠባይን በኮምፒዩተር ሲያሰላ፥ ያንኑ ስሌት ለመድገም ፈልጎ 0.506127 የነበረውን ቁጥር 0.506 ብሎ አሳጥሮ አስገባ፤ ሁለቱ ስሌቶች ለጥቂት ጊዜ አብረው ሄዱ፥ ቀስ በቀስም ተለያዩ፥ በመጨረሻ አንደኛው ከሌላው ጋራ ምንም ዝምድና የሌለው የአየር ጠባይ ሆነ። በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ ይኸው ጠባይ በሦስት ቀመሮች ብቻ በተጻፈ ሥርዓት ውስጥ እንደሚገኝ አሳየ፤ ትርምስ ወይም ኬኦስ የሚባለው ትምህርት በዚህ ጽሑፍ ላይ የቆመ ነው። ጥቂቱ ስሕተት በየጊዜው እየተባዛ ስለሚያድግ የሩቁ ጊዜ ከትንበያ ውጭ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው፥ ሊተነበይ ያልቻለ ነገር እንዴት ሊገራ ይችላል ብሎ ቢጠይቅ የሚያስነቅፈው አይደለም፤ ብዙ ሊቃውንትም ለረጅም ጊዜ ያሰቡት እንዲሁ ነበር። በ1990 በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኦት፥ ግሬቦጊና ዮርክ የጻፉት አጭር ጽሑፍ ግን ነገሩን ገለበጠው። ጥቂት ግፊት ታላቅ ለውጥ የምታመጣ ከሆነ፥ ይህ ለተንባዩ መርገም ቢሆንም ለገሪው በረከት ነው፤ በትክክለኛው ቦታና በትክክለኛው ጊዜ የተሰጠች ኢምንት ግፊት ብዙ ኃይል የሚያስፈልገውን ሥራ ልትሠራ ትችላለችና። በትርምስ ውስጥ ደግሞ ቁጥር የሌላቸው የማይጸኑ ምሕዋሮች ተሰውረው ይገኛሉ፤ ሥርዓቱ ከአንደኛው አጠገብ ይደርስና ለጥቂት ጊዜ ተከትሎት ይሄዳል፥ ከዚያም ይርቃል። ገሪው የሚያደርገው አዲስ መንገድ መፍጠር ሳይሆን፥ ሥርዓቱ ራሱ ወደሚፈልገው ምሕዋር እስኪቀርብለት ድረስ ታግሦ መጠበቅ፥ ሲቀርብም ከሥርዓቱ መቆጣጠሪያዎች አንዱን ነካ አድርጎ እንዳይርቅ መመለስ ነው። ልጅ በመዳፉ ላይ ዱላ አቁሞ ሲጫወት ዱላውን አጥብቆ አይዝም፤ ሊወድቅ ወዳዘነበለበት በኩል መዳፉን ጥቂት እያስጠጋ ያቆመዋል፤ እርሱም የሚሳካለት ዓይኑን ከዱላው ጫፍ ካልነቀለ ነው።

በዚያው ዓመት ዲቶ፥ ራውሴዮና ስፓኖ ይህን በተግባር ፈተኑት። ጥንካሬው በማግኔት ኃይል የሚለዋወጥ ቀጭን የብረት ጥብጣብ ከታች ጨብጠው አቆሙ፤ ጥብጣቡ በክብደቱ እየጎበጠ፥ በሚዋዥቀው የማግኔት መስክ ውስጥ ያለ ሥርዓት ይወዛወዝ ነበር። የጥብጣቡን ቦታ በየዙሩ እየለኩ፥ መስኩን በጣም በጥቂቱ እያረሙ፥ ያንን ትርምስ ወደ አንድ ወጥ ውዝዋዜ መለሱት።

ከእነርሱ በፊትም፥ ነገሩ በዚህ ስም ሳይጠራ፥ በሰማይ ላይ ተሠርቷል። አይ-ሲ-3 የተባለችው መንኮራኩር በ1978 ተልካ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ፥ የፀሐይና የምድር ስበት ተዳምሮ መንኮራኩሪቱን ከምድር ጋራ እኩል ፀሐይን በሚያዞርበት ቦታ ዙሪያ የፀሐይን ነፋስ ትለካ ነበር። ሮበርት ፋርኳር የተባለው የጉዞ ቀያሽ ይህችን መንኮራኩር፥ የቀራት ነዳጅ ጥቂት ሆኖ ሳለ፥ ጃኮቢኒ-ዚነር ወደሚባለው ጅራታም ኮከብ ለመላክ አሰበ። መንኮራኩሪቱ የነበረችበት ምሕዋር የማይጸና ስለሆነ ቀላል ግፊት ከዚያ አወጣት፤ ከዚያም በጨረቃ አጠገብ አምስት ጊዜ እንድታልፍና በየጊዜው ከጨረቃ ስበት ኃይል እንድትወስድ ተደረገ፤ በመጨረሻው፥ በታኅሣሥ ወር 1983፥ ከጨረቃ ገጽ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ አለፈች። በመስከረም 1985 በኮከቡ ጅራት ውስጥ ስታልፍ ወደ ጅራታም ኮከብ የደረሰች የመጀመሪያዋ መንኮራኩር ሆነች። ሦስት አካላት እርስ በርሳቸው ሲሳሳቡ የሚፈጠረው ትርምስ፥ ፈረንሳዊውን የሒሳብ ሊቅ ፖንካሬን በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ያስጨነቀው ያው ትርምስ፥ እዚህ ላይ የነዳጅን ቦታ ተክቶ አገለገለ።

ወደ ቱቦው ስንመለስ ግን ዱላው አንድ አይደለም። ጥብጣቡን ለመግራት አንድ ቁጥር መለካት በቅቷል፤ መንኮራኩሪቱንም ለመምራት ስድስት ቁጥሮች፥ ቦታዋንና ፍጥነቷን፥ ማወቅ ይበቃል። በሁከታዊ ፍሰት ውስጥ ግን የሚጠበቁት አዙሪቶች በሚሊዮን የሚቆጠሩ፥ የሚኖሩትም ለቅጽበት ነው። ቾይ፥ ሞይንና ኪም በ1994 በኮምፒዩተር ላይ እንዲህ አደረጉ፦ ከግድግዳው ትንሽ ከፍ ብሎ ውሃው ወደ ግድግዳው ሲወርድ ግድግዳው በዚያው ልክ ውሃ እንዲተፋ፥ ሲወጣም እንዲመጥ፤ በዚህም ግስጋሴ የሚተላለፍበትን ርክክብ በየቦታው በመቃወም ሰበቃውን 25 በመቶ ያህል ቀነሱ። ውጤቱ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በእውነተኛ ቧንቧ ግድግዳ ላይ ስፍር ቁጥር የሌላቸው መለኪያዎችና ቀዳዳዎች መትከልን የሚጠይቅ ስለሆነ ከኮምፒዩተሩ መውጣት ከብዶታል። ከዚህ ይልቅ ቀላል የሆነው ዘዴ ቀደም ብሎ ተገኝቶ ነበር፤ ቶምስ በ1948 እንዳስታወቀው ረጃጅም ሞለኪውሎች ያሉት ፖሊመር እጅግ በጥቂቱ በፈሳሹ ውስጥ ሲጨመር የአዙሪቶችን መለጠጥ ይቃወማልና ሰበቃው ይቀንሳል። የአላስካ የነዳጅ ማስተላለፊያ ከ1979 ጀምሮ ይህን ዘዴ ተጠቅሞበታል።

የቆየው የሬይኖልድስ ጥያቄም በ2011 ተመለሰ። በዝቅተኛ ፍጥነት ሁከት ቱቦውን ሁሉ አይሞላም፤ በሥርዓታዊው ፍሰት መካከል ተለያይተው የሚጓዙ የሁከት ጓሎች ሆኖ ይታያል። አቪላ፥ ሆፍና ባልደረቦቻቸው በረጅምና በቀጭን ቱቦ ውስጥ ባደረጉት ፈተና፥ ከስሌትም ጋራ በማስተያየት፥ እያንዳንዱ ጓል ያለ ማስጠንቀቂያ እንደሚሞት፥ የቆየበት ዕድሜም በሚሞትበት ጊዜ ላይ ለውጥ እንደማያመጣ ተረዱ፤ አንዳንዱ ደግሞ ሳይሞት ለሁለት ይከፈላል። ፍጥነቱ ሲጨምር ሞቱ እየዘገየ፥ መከፈሉ እየፈጠነ ይሄዳል። ሁለቱ የሚተካከሉት በሬይኖልድስ ቁጥር 2,040 ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ልደት ሞትን ስለሚበልጥ ሁከት በራሱ ጸንቶ ይኖራል። ሁከት እንደ ሕዝብ ይቆጠራል ማለት ነው፤ ይህም ለገሪው የእያንዳንዱን አዙሪት መንገድ ሳይከተል መውለዳቸውን በመከልከል ብቻ ሊያጠፋቸው እንደሚችል ያመለክታል።

በ2018 በኦስትሪያ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ተቋም የሆፍ ጓዶች ያደረጉት ይህንኑ ነው። አዙሪቶች የሚመገቡት በግድግዳውና በመካከሉ መካከል ካለው የፍጥነት ልዩነት ነው፤ ስለዚህ የፍጥነቱ ስርጭት በቱቦው ወርድ ላይ ጠፍጠፍ ካለ ምግባቸው ይጎድላል። ተመራማሪዎቹ ፍሰቱን በሚሽከረከሩ መቅዘፊያዎች አብዝተው በጠበጡት፥ ወይም ተጨማሪ ውሃ ከግድግዳው አጠገብ አስገቡበት፤ ሁከቱ መጀመሪያ ከበፊቱ ይበልጥ በረታ፥ ነገር ግን ብጥበጣው ስርጭቱን ስላጠፈጠፈው ወደ ታች ወረድ ሲሉ ፈጽሞ በረደና ውሃው ወደ ሥርዓታዊ ፍሰት ተመለሰ፤ ሰበቃውም እስከ 90 በመቶ ቀነሰ። ሁከትን በሁከት ማጥፋት ይቻላል ብሎ የገመተ ሰው ከዚያ በፊት ጥቂት ነበር።

ሆኖም ብጥበጣው ራሱ ኃይል ይበላል፥ ፍሰቱም ወደ ታች ሄዶ አንዳች መናወጽ ቢያገኘው ሁከቱ ተመልሶ ይነሣል። ስለዚህ እነዚሁ ጓዶች በ2023 ምሳሌያቸውን ከልብ ወሰዱ። ደም ከልብ በሚወጣበት ታላቁ የደም ሥር ውስጥ ፍጥነቱ ሲያይል ሁከት ይነሣል ተብሎ ሊጠበቅ ሲገባ፥ ብዙ አይነሣም፤ ልብ ገፍታ ታርፋለችና፥ በዕረፍቱም ጊዜ አዙሪቶች ምግብ ያጣሉ። በቱቦ ውስጥ ያለውን ውሃ ሳያቋርጡ በመግፋት ፈንታ የልብን ምት በሚመስል አኳኋን፥ ዕረፍቱን ጭምር ሳይተዉ፥ ቢገፉት በደም ሥር ባለው የሬይኖልድስ ቁጥር ላይ ሁከቱ ከሞላ ጎደል ታገደ፤ እጅግ ከፍ ባለ ፍጥነትም የሁከቱ ሰበቃ ከ25 በመቶ በላይ ቀነሰ፤ ለመግፋት የሚወጣው ኃይል ሁሉ ተቆጥሮም ሳያቋርጥ ከመግፋት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠሩት የነዳጅ፥ የጋዝና የውሃ ማስተላለፊያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሳያቋርጥ በሚገፋ ፓምፕ የሚነዱ ናቸው፤ የቀረው ሥራ እየገፋ የሚያርፍ፥ በግፊቱም ለውጥ ቧንቧውን የማይጎዳ ታላቅ ፓምፕ መሥራት ነው።